«ባቄላውን ደፋችው» ሲሉ ምን ማለታቸው ነው?

እንደሚታወቀው ሁሉ የአንድን ቋንቋ ቃላት አንድ በአንድ ማወቅ ቋንቋውን ማወቅ ማለት አይደለም። ከመካከላችን «ኪክ» በእግር መምታት፣ «ባኬት» ደግሞ ባልዲ መሆኑን የማያውቅ ሠልጣኝ ያለ አይመስለንም። ታዲያ «ሂ ኪክድ ዘ ባኬት» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲመጣ ሰውዬው ባልዲውን በእርግጫ አለው ብሎ የሚተረጉመው ስንቱ ነው! ሰውዬው እኮ ሞቷል። ይህ አነጋገር ፍራንሲስ ግሮስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1785 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ባሳተመው የተራው ሕዝብ አነጋገር መዝገበ ቃላት ውስጥ ሰፍሮ ይገኛል። እንግዲህ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እንግሊዞቹ ባልዲውን ሲረግጡ ኖረዋል ማለት ነው። ባልዲው ከየት መጣ ለሚለው ሊቃውንቱ ራሳቸው አይስማሙም፤ ትርጉሙ ላይ ግን ክርክር የለም።

በዚህ ዕትም ለመመልከት ያሰብነው እንዲህ ያሉትን አነጋገሮች ነው። እንግሊዝኛውን በፊደላችን የጻፍነው አንባቢው ድምፁን ጮክ ብሎ እንዲለው በማሰብ ነው። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ እንደሆነ ከየመዝገበ ቃላቱ አይጠፋም።

በቅድሚያ ስያሜዎቹን እንለይ። ቃላቱ ተደምረው ከየግላቸው ፍቺ የማይገኝ ሌላ ትርጉም ሲሰጡ በእንግሊዝኛ «ኢድየም»፣ በአማርኛ ፈሊጥ እንለዋለን። አምሳሉ አክሊሉና ዳኛቸው ወርቁ «የአማርኛ ፈሊጦች» ብለው በ1979 ዓ.ም. አሳትመዋል፤ ያገኘ ሰው ቢያገላብጠው በየቀኑ ሳናስበው የምንናገረው ሁሉ እዚያ ተሰልፎ ያየዋል። ፈሊጥ ከተረትና ምሳሌ የተለየ ነው። ተረትና ምሳሌ ራሱን የቻለ ሙሉ ሐሳብ ሲሆን፣ ፈሊጥ ግን በዐረፍተ ነገር ውስጥ እንደ አንድ ቃል ገብቶ የሚያገለግል ነው። «ስላንግ» የሚሉት ደግሞ እኛ የአራዳ አነጋገር የምንለው ነው። ይኸኛው የአንድ ዘመንና የአንድ ቡድን፣ ይልቁንም የወጣት፣ መታወቂያ ሆኖ የሚወለድ ሲሆን አብዛኛው እንደ ፋሽን ያልፋል።

አንድን አነጋገር ፈሊጥ ነው አይደለም ብሎ ለመመርመር ጥሩ ዘዴ አለ፤ ነካ አድርጎ ማየት ነው። በአማርኛ «እጅ ሰጠ» ስንል ተማረከ ማለታችን ነው። «ክንድ ሰጠ» ካልን ግን ሰሚው ግራ ይገባዋል። በእንግሊዝኛም «ፔይል» እና «ባኬት» ሁለቱም ባልዲ ቢሆኑም «ኪክድ ዘ ፔይል» ካልን ማንም አልሞተም። «ዘ ባኬት ዎዝ ኪክድ» ብለን ብንገለብጠውም የተመታው ባልዲ ብቻ ይሆናል። ፈሊጥ እንዲህ ነው፤ እንደ ተሰፋ ስልቻ ነው፣ ከፈቱት ውስጡ ያለው ይፈስሳል።

ስለ መፍሰስ ካነሣን አይቀር ወደ ባቄላው እንምጣ። በማስተማር ልምምድ ወቅት ከአጋሮ ወጣ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ሰባተኛ ክፍል ውስጥ፣ «ሺ ስፒልድ ዘ ቢንስ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ነበር። አንድ ልጅ እጁን አወጣና በአፋን ኦሮሞ «ጆንያው ተቀዶ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ክፍሉ ሳቀ። ነገር ግን የልጁ ጥያቄ የሚሳቅበት አልነበረም። እንግሊዞች የቡናን ፍሬ «ኮፊ ቢን» ይሉታል። (ቡና ግን ከባቄላ ዘር አይደለም፤ በቀይ ፍሬ ውስጥ የሚገኝ ዘር ነው። ስለዚህ የኛው «የቡና ፍሬ» የተሻለ አባባል ይመስለናል።) ለጎማና ለሊሙ ልጅ «ቢን» ማለት ቡና ነው፤ ቡና ደግሞ በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ እየተመዘነ ደብተርና ዩኒፎርም የሚገዛ ነገር ነው። ጀንፈል ከማድረቂያ አልጋ ላይ የደፋ ልጅ ምን እንደሚጠብቀው ልጁ አሳምሮ ያውቃል። ዐረፍተ ነገሩ የሚለው ግን ምስጢሩን አወጣችው ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስት ነገር አገኘን። በአማርኛም «የሆዱን ዘረገፈው» እንላለን። መዘርገፍ ጆንያ ገልብጦ የያዘውን ማፍሰስ ነው። እንግሊዙ ባቄላ ያፈስሳል፣ እኛ ሆድ እንዘረግፋለን፤ ምስጢር ተቋጥሮ የሚቀመጥና ሲለቁት የሚፈስስ ነገር መሆኑን ግን ሁለታችንም አይተናል። ልጁም ይህ ሲነገረው ወዲያው ገባው። ከጆንያው ርቆ አልሄደማ!

ባቄላ በእንግሊዝኛ ብዙ ቦታ ይገባል። «ፉል ኦፍ ቢንስ» የሚባለው ጉልበትና ደስታ የሞላበት፣ አላስቀምጥ ያለው ሰው ነው። «ኖት ወርዝ ኤ ሂል ኦፍ ቢንስ» ምንም ዋጋ የሌለው ማለት ነው። «ቢን ካውንተር» ደግሞ ለሳንቲም የሚጨነቀውን የሒሳብ ሠራተኛ የሚያንቋሽሹበት ነው፤ በተቋሙ ሒሳብ ክፍል አካባቢ ባትናገሩት ይመረጣል። ቡናውም ራሱ አልቀረም፤ አሜሪካውያን «ዌክ አፕ ኤንድ ስሜል ዘ ኮፊ» ሲሉ ነቃ በል፣ እውነቱን ተመልከት ማለታቸው ነው። ጅማ ውስጥ ግን ይህ በየማለዳው የሚሆን ነገር ስለሆነ ተማሪው ፈሊጥ መሆኑን ላይጠረጥር ይችላል። መምህሩ እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያለበት በዚሁ ምክንያት ነው። የማይገባ ፈሊጥ ያስጠይቃል፤ የገባ የሚመስለው ግን ሳይጠየቅ ያልፋል።

የሻይ ነገርም አለ። እንግሊዞች «ኢት ኢዝ ኖት ማይ ካፕ ኦፍ ቲ» ካሉ ነገሩ አይጥመኝም ማለት ነው። «ስቶርም ኢን ኤ ቲካፕ» ሲሉ በጥቂቱ ነገር የተነሣ ትልቅ ሁካታ ነው፤ አሜሪካኖች ይህንኑ ወደ ሻይ ጀበናው ወስደው «ቴምፐስት ኢን ኤ ቲፖት» ይሉታል። በውሽውሽ በኩል ያላችሁ የሻይ አገር ልጆች ይህን ለማስተማር አትቸገሩም።

ከሁሉ ለኛ አገር የተስማማው ግን «ኬሪ ኮልስ ቱ ኒውካስል» የሚለው ነው። ኒውካስል በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኝ ከተማ ሲሆን ለብዙ ዘመን የድንጋይ ከሰል በመርከብ ወደ ለንደን ሲልክ የኖረ ነው። ስለዚህ ወደ ኒውካስል ከሰል መውሰድ ማለት አንድን ነገር ሞልቶ ወደ ተረፈበት ቦታ መውሰድ፣ ከንቱ ድካም ነው። ለተማሪ የከሰሉን ታሪክ ከማብዛት «ቡና ጭኖ ወደ ጅማ እንደ መምጣት ነው» ቢባል ያበቃል። «ለቀባሪው አረዱት» የሚለው የኛ ተረት ግን ለዚህ አይሆንም። እሱ የሚስማማው «ቲችንግ ግራንድማዘር ቱ ሰክ ኤግስ» ለሚለው ነው፤ አያትን እንቁላል መምጠጥ ማስተማር፣ አዋቂውን በሚያውቀው ነገር ማስተማር ማለት ነው። አንዱ ስለ ዕቃ፣ ሌላው ስለ ዕውቀት ነው፤ ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም ፈተና ላይ ያስጥላል።

ይህ ሁሉ በኛም ቋንቋ እንዳለ መዘንጋት የለበትም። «ቡና ቤት» የሚለውን ቃል በቃል «ኮፊ ሐውስ» ብሎ ተርጉሞ የውጭ እንግዳ የላከ ሰው እንግዳውን ቢራና አረቄ መሐል ጥሎታል። በኦሮሞ ባህል «ቡና ቀላ» የሚባለው ሥርዓት አለ፤ ቃሉ ቡና ማረድ ማለት ሲሆን ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ መቁላት ነው። አሁን ይህን «ስሎተሪንግ ኮፊ» ብሎ ለፈረንጅ ቢነግሩት ቢላዋው የታለ ብሎ አይጠይቅም ትላላችሁ?

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክፍል ከሁሉም ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው እንላለን። ይኸውም በፈሊጥ ስም ያልተመዘገቡ፣ ነገር ግን የዐረፍተ ነገሩ አሠራር ራሱ የተለየባቸው አባባሎች ናቸው። በአማርኛ ጉንፋን ያዘኝ እንላለን፤ ያዡ ጉንፋኑ ነው፣ እኛ የተያዝን ነን። እንግሊዝኛው ግን «አይ ኮት ኤ ኮልድ» ይላል፤ ጉንፋኑን የያዘው ሰውዬው ነው! አውቶቡስ አመለጠኝ እንላለን፤ ያመለጠው አውቶቡሱ ነው። በእንግሊዝኛ «አይ ሚስድ ዘ ባስ» ሲሆን የሳተው ተሳፋሪው ነው። ከመናኸሪያ ያስቀረንን ጥፋት እኛ በአውቶቡሱ ላይ እናደርጋለን፣ እነሱ በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ። እንቅልፍ ወሰደኝ እንላለን፤ እነሱ ወደ እንቅልፍ ይወድቃሉ፣ «አይ ፌል አስሊፕ»። ፍቅርም እኛን ይዞን ነው የሚሄደው፤ እነሱ ግን «ፎል ኢን ላቭ» ብለው እዚያም ውስጥ ይወድቃሉ። ራበኝ፣ ጠማኝ፣ በረደኝ፣ ደከመኝ፤ በኛ ቋንቋ ነገሩ ሁሉ እየመጣ ሰውን ያገኘዋል። ተማሪ «ኮልድ ኮት ሚ» ወይም «ዘ ባስ እስኬፕድ ሚ» ብሎ ሲጽፍ ስንፍና ሆኖበት አይደለም፤ የአፉን ቋንቋ ሕግ በትክክል መከተሉ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ብቻ ማድረግ ምን ይጠቅመዋል? ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ጽፎ ማን ማንን እንደያዘ በቀስት ማሳየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

የሰውነት ክፍሎችም እንዲሁ ናቸው። እንግሊዙ ስሜቱን በልቡ ያስቀምጣል፤ ልቡ ይሰበራል፣ «ብሮክን ሃርት»፤ ርኅሩኁ «ሶፍት ሃርትድ» ነው። እኛ ልብ አናጣም፣ ግን ብዙውን ወደ ሆድ እናወርደዋለን። ታጋሹ ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚያዝነው ሆደ ቡቡ ነው፤ ስናዝን ሆዳችን ይባባል። አፋን ኦሮሞም ሆድ ላይ ከኛ ጋር ነው፤ «ገራ» ሆድ ሲሆን «ገራ ላፋ» ርኅሩኅ፣ «ገራ ጀቤሳ» ጨካኝ ማለት ነው። ጅማ ላይ የምናስተምር ሰዎች ይህን መጠቀም አለብን፤ ልጁ «ገራ ላፋ»ን ያውቃል፣ ከዚያ «ሶፍት ሃርትድ» አንድ እርምጃ ነው፤ ሆዱን በልብ መተካት ብቻ። አንዳንዱማ መተካትም አያስፈልገው። «ኮት ሬድ ሃንድድ»፣ እጁ እንደቀላ ተያዘ፣ ከነደሙ ማለታቸው ነው፤ የኛ «እጅ ከፍንጅ» ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። በአንጻሩ «ፑሊንግ ማይ ሌግ» እግር መጎተት ሳይሆን መቀለድ ነው። «ኢት ኮስት አን አርም ኤንድ ኤ ሌግ» የሚሉት እጅና እግር የሚያስከፍለው ዋጋ እኛ ጋ «እሳት ነው» የሚባለው ነው። «አንደር ዘ ዌዘር» ደግሞ ከዝናብ በታች መቆም ሳይሆን አመም ያደረገው ሰው ነው። የዝናቡን ካነሣን፣ «ሬይኒንግ ካትስ ኤንድ ዶግስ» የሚለውን በየመጽሐፉ የምናገኘው ቢሆንም ዛሬ እንግሊዞቹ ራሳቸው ብዙም አይሉትም፤ ድመትና ውሻ የሚዘንብበትን ሥዕል ሰሌዳ ላይ ለመሳል ካልሆነ በቀር የጅማን ክረምት «ኢት ኢዝ ፖሪንግ» ብሎ መግለጽ ይበቃል።

አሁን ወደ አራዳው። ጅማ ከአሜሪካ እንግሊዝኛ ጋር የተዋወቀችው በፊልምና በስልክ ብቻ አይደለም። የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1952 እ.ኤ.አ. ሲከፈት መምህራኑን የላከው ኦክላሆማ ኤ ኤንድ ኤም የተባለው ኮሌጅ ነበር። ያ ትምህርት ቤት እያደገ መጥቶ በ1999 እ.ኤ.አ. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ከመሠረቱት ተቋማት አንዱ ሆኗል። ከዚያም ከ1962 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሰላም ጓድ ወጣቶች በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አስተምረዋል። በዚያ ዘመን አሜሪካዊ ወጣት ጥሩ ነገር ሲያይ «ግሩቪ» ይል ነበር። ዛሬ «ግሩቪ» የሚል ወጣት ቢኖር ጓደኞቹ አያቱን መሰልክ ይሉታል። «ኩል» ግን ከዚያ በፊት በጥቁር አሜሪካውያን የጃዝ ሙዚቀኞች ዘንድ የተስፋፋ ሆኖ እስከ ዛሬ አልሞተም። «ኦኬ» ደግሞ በ1839 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ አንድ ጋዜጣ ሆን ብሎ «ኦል ኮሬክት» የሚለውን በተሳሳተ ፊደል አሳጥሮ ለቀልድ ያወጣው ነበር። ይኸው ቀልዱ ዓለምን ዞሮ ዛሬ ጅማ ገበያ ላይ ዋጋ ስንስማማ «ኦኬ» እንላለን።

የኛም ልጆች የእንግሊዝኛን ቃል ወስደው የራሳቸው አድርገውታል። «ሙድ» በእንግሊዝኛ የመንፈስ ሁኔታ ነው። «ሙድ ያዘብኝ» ግን አሾፈብኝ ማለት ሆኗል፤ ይህን ለእንግሊዝ መልሶ በእንግሊዝኛ ቢሉት አይሰማም። «ሼም ነው» ማለትም እንዲሁ የኛ ሆኗል። አንዳንድ ሰዎች ይህን ቋንቋ ማበላሸት ነው ይላሉ። እኛ አይመስለንም፤ ነገር ግን ልጁ የትኛው የኛ፣ የትኛው የእነሱ መሆኑን መለየት አለበት።

በተለይም ቦታውን መለየት አለበት። የሟች ቤተሰብን ለማጽናናት በእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው «ዩር ፋዘር ኪክድ ዘ ባኬት» ብሎ ቢጽፍ፣ ለቅሶ ቤት ገብቶ «አባትህ ክልትው አሉ» እንደ ማለት ነው። ትርጉሙ ልክ ነው፤ ሰውዬው ግን ከቤት ይባረራል። ለደብዳቤ «ፓስድ አወይ» አለ፣ አረፉ እንደምንለው። ለሥራ ማመልከቻም «ሃይ ብሮ» ብሎ መጀመር እንደዚሁ ነው። በሁለቱ እንግሊዝኞች መካከልም ወጥመድ አለ። እንግሊዝ በስብሰባ ላይ አንድን ሐሳብ «ቴብል» እናድርገው ካለ ለውይይት እናቅርበው ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊ ይህንኑ ካለ ለሌላ ጊዜ እናቆየው ማለቱ ነው። ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ቢቀመጡ ምን እንደሚሆን መገመት ነው።

እስከዚህ ያነሣነው ለጨዋታም ይሆናል። አሁን የምናነሣው ግን የልጆቹ ዕድል ያለበት ነው። በክልላችን ተማሪው እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው ተምሮ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የመምህሩም፣ የመጽሐፉም፣ የሰላሙም ነገር አለበት። ይሁን እንጂ አንዱ ይኸ ነው፤ የሳይንስ መጽሐፉ «ኪክ ዘ ባኬት» አይልም፣ ግን በየገጹ ሌላ ዓይነት ፈሊጥ አለ። «ዘ ሪአክሽን ጊቭስ ኦፍ ሂት» ይላል። ተማሪው «ጊቭ» መስጠት፣ «ኦፍ» ማጥፋት መሆኑን ያውቃል፤ መብራት ኦፍ አድርግ ሲባል ኖሯልና። ስለዚህ ሙቀቱ የሚጠፋ ይመስለዋል፤ መጽሐፉ የሚለው ግን ሙቀት ይወጣል ነው። ተገላቢጦሹን ተማረ ማለት ነው! «ሜድ አፕ ኦፍ» የተገነባ፣ «ቴክ ፕሌስ» መከናወን፣ «ኬሪ አውት» መፈጸም፣ «ብሬክ ዳውን» መፈራረስ፣ «ሉክ አፕ» ከመዝገበ ቃላት መፈለግ። እነዚህ ትንንሾቹ፣ አንድ ግስና አንድ መስተዋድድ የሆኑት፣ ከባልዲውና ከድመቱ መቶ እጅ ይበልጣሉ። ነገር ግን ፈሊጥ ይማሩ ሲባል ባልዲው ይጻፋል፣ «ጊቭ ኦፍ» ይረሳል። ለምን ቢሉ ባልዲው ስለሚያስቅ ይመስለናል።

አሠራሩን በተመለከተ፣ ሃያ ፈሊጥ ከነትርጉሙ ጽፎ «ለነገ ሸምድዱ» ማለት ውኃ በወንፊት እንደ መቅዳት ነው። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ብቻ፣ እያንዳንዱን በአንድ አጭር ታሪክ ውስጥ አስገብቶ፣ ልጆቹ መጀመሪያ ትርጉሙን እንዲገምቱ ማድረግ ይሻላል። ከዚያ በየቤታቸው የሚባለውን እንዲያመጡ መጠየቅ ነው፤ ከአፋን ኦሮሞ፣ ከአማርኛ፣ ከየምኛ፣ ከዳውሮኛ፣ ከካፍኛ። እናቶቹ ቡና ሲያፈሉ ከአቦል እስከ በረካ የሚባለውን ጆሮ ሰጥቶ ያዳመጠ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም።

ለሙከራ ያህል እነዚህን ተመልከቱ። «ሌት ዘ ካት አውት ኦፍ ዘ ባግ» (ፍንጭ፦ ከላይ ካየናቸው የአንዱ ወንድም ነው)። «ባይት ዘ ሃንድ ዛት ፊድስ ዩ» (ለዚህ አማርኛ ቁርጥ ያለ አቻ አለው፤ ስለ ማጉረስ አስቡ)። «ብሬክ ዘ አይስ» (በረዶ በሌለበት አገር ይህንን ሥራ የሚሠራልን ምንድር ነው?)። «ዋንስ ኢን ኤ ብሉ ሙን»። ወደ እንግሊዝኛ ደግሞ፣ ዓይን አውጣ፣ ጆሮ ጠቢ፣ ጥርስ ነከሰበት፣ ፊት ሰጠው፣ እግር ጥሎት መጣ፣ ጉድ ፈላ። የመጨረሻውን በተመለከተ በመካከላችን አራት ዓይነት መልስ ስለ ቀረበ መምህሮቻችንም ቢሳተፉበት ደስ ይለናል። መልሳችሁን በወረቀት ጽፋችሁ ከጋዜጣው ሰሌዳ አጠገብ ላለው የእንግሊዝኛ ክበብ ተጠሪ ስጡ፤ ለሚቀጥለው ዕትም ይደርሳል።